የኅዳር ጽዮን ዕለት የነቀልኩት ሶኬት

የጆሃንስበርግ ሰኔ ዝናብ የለውም፤ ብርድ ብቻ ነው። ደረቅ፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ፣ ጠዋት ጠዋት የሰፈሬን የትሮይቪልን ጣሪያዎች አመዳይ የሚያለብስ ብርድ። ዘንድሮ ሰኔ እንደገባ ሂተሬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁና ሰካሁት። ዓመት ሙሉ የተኛ ዕቃ ነው፣ አቧራ ጠጥቷል፤ ሽቦው ሲቀላ አቧራው መቃጠል ጀመረ። ያቺ ሽታ! የጋለ አቧራ፣ ትንሽ የፕላስቲክ፣ ትንሽ የብረት። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ መስኮት ይከፍታል፤ እኔ ግን ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ጉልበቴ እየሞቀ ሐሳቤ ወደ ዱርንፎንቴን ሄደ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ክፍል፣ ቀን ከሌት እያጉረመረሙ ይግሉ ወደነበሩት ሁለት ኮምፒውተሮች። ኤርሲዶ የአሻንጉሊት ፊልሙን የሠራባቸው ናቸው። እኔ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ፣ ያንን ፊልም ያበላሸሁት ሴት ነኝ።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። አገሩ አዲስ የሆነበት፣ ሰው ሁሉ ነገ ጠዋት አንድ ነገር የሚሰጠው ይመስል በየመንገዱ ፈገግ ይል የነበረበት ጊዜ ነው ብል ይበቃል። ዳቦ ሁለት ራንድ ከምናምን ነበር። ፎርድስበርግ ከህንዶቹ ሱቅ አበባ ያለበት የጥጥ ጨርቅ አንድ ሜትር በስድስት ራንድ ይገዛል፤ ጥቂት ከተከራከሩና ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ ድካም ከተጫነው በአምስት። የከተማው ወንዶች ሁለት ቀለም ያለው ጫማቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ታክሲ ይጠብቃሉ፤ የእኛ ወንዶች ደግሞ ከአገር የለበሱትን ትከሻው ሰፊ ኮት በበጋም በክረምትም አያወልቁም ነበር። ከታክሲዎቹ የሚወጣው ዘፈን ደረት ያንቀጠቅጣል፤ ትርጉሙን ሳናውቅ ስናዜመው እንውላለን። የአገራችን ዘፈን የሚመጣው በሰው እጅ፣ በካሴት ነው። አንድ ካሴት ለአሥር ቤት ይዞራል፣ ተገልብጦ ተገልብጦ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው እስኪመስል ድረስ። ሐበሻም ጥቂት ነበርን፤ በመንገድ ስንተያይ መኪና ሳንፈራ ተሻግረን እንሳሳማለን። አሁን ሐበሻ ሐበሻን ሲያይ ስልኩን አውጥቶ የተደወለለት ያስመስላል። እኔም አደርገዋለሁ፤ ቅዱስ ነኝ አላልኩም።

ያን ጊዜ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ አንዲት የእጅ ስፌት መኪናና አንድ ሻንጣ ያለኝ ሴት ነበርኩ። አስካለ እባላለሁ። ፔፐሬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ገና ያላለቀ፣ በየጥቂት ወሩ ተሰልፌ የማሳድሰው ቁራጭ ወረቀት ነበር። ከጨርቅ ቤቶች የሚጣለውን ቁርጥራጭ እየሰበሰብኩ አሻንጉሊት እሰፋለሁ፤ ዓይናቸው ቁልፍ፣ ፀጉራቸው የሱፍ ክር፣ ቀሚሳቸው ጥለት ያለው ነው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ መሬት ላይ ዘርግቼ እሸጣቸዋለሁ። የምሰፋበትና የማድርበት ቦታ የሰጠኝ ጋቪን የሚባል ነጭ ነው። ቁምጣና እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ካልሲ ዓመቱን ሙሉ የማይለየው፣ ሲቆጣ ጆሮው የሚቀላ፣ ሲስቅም ጆሮው የሚቀላ ሰው ነበር። የድሮ የልብስ ፋብሪካ የነበረ ሕንፃ አለው፤ እሱ ታች ፎቅ ላይ ለቴሌቪዥን የሚሆን ማስታወቂያ ይሠራል፣ በኮምፒውተር። የሳሙና ካርቶን በአየር ላይ ያሽከረክራል፣ የጥርስ ሳሙና እንደ ሰው ያስጨፍራል። በዚያን ጊዜ ይህ ነገር ተአምር ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል ለእኔ ሲሰጠኝ፣ ከቤቱ ሌላ የምሄድበት እንደሌለኝ ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።

ኤርሲዶ የሆሳዕና ሰው ነው፤ በአገሩ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ቀጭን፣ ሲያስብ የታችኛውን ከንፈሩን የሚቆነጥጥ ሰው። አሌክሳንድራ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ በዘመዱ ስፓዛ፣ በትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና ሻማ ይሸጣል። አንድ ቀን ለሱቁ ዕቃ ሊገዛ ወርዶ በጋቪን መስኮት የሚሽከረከረውን የሳሙና ካርቶን አየ። አየና ዕቃውን ረሳው። ጋቪን ለምሳ ሲወጣም፣ ከምሳ ሲመለስም እዚያው ቆሞ አገኘው። ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ የሒሳብ ሰው ከሒሳብ ሰው ጋር ቋንቋ አያጣም። በሳምንቱ ጋቪን ሁለት ያረጁ ኮምፒውተሮች ወደ እኔ ክፍል አስወጣና፣ ኤርሲዶ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣ እንዲማርባቸው ፈቀደለት። ሲጀመር ተነጫነጭኩ። ጠባብ ክፍል፣ በዚያ ላይ ወንድ፣ በዚያ ላይ ጴንጤ፣ መዝሙር እያንጎራጎረ የሚሠራ። በወሩ ግን ያልመጣ ቀን ክፍሉ ይሰፋብኝ ጀመር።

ፊልሙ የአሻንጉሊቶች ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቅ ተዘግቶ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ስድስት አሻንጉሊቶች አሉ፤ የሎኬሽን፣ የጥቁሮቹ ሰፈር፣ ልጆች የሚሠሩት የሽቦ መኪና፣ የቆርቆሮ ከባድ መኪና፣ ሌሎችም፣ ከእነሱም ጋር እኔ የሰፋኋት ዝናሽ። አንድ ቀንዱ የተሰበረ ሽማግሌ የጭቃ በሬ በበሩ ሥር ገብቶ ይመጣል። ከዚያ ዝናብ ይጥላል፣ ጣሪያው ያፈሳል፤ ጭቃ ውኃ ከነካው ሟሟ ማለት ነው። ዝናሽ ነጠላዋን አውልቃ ታለብሰዋለች፣ የቀሩትም እላዩ ላይ ይከመራሉ። ይኸው ነው። ሦስት ደቂቃ ተኩል። አሁን የልጅ ልጆቼ በስልክ የሚያዩትን ያያችሁ፣ ይህ ምን ፊልም ነው ትሉኛላችሁ። ያኔ ግን አንድ አሻንጉሊት ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ምን እንደሚጠይቅ ልንገራችሁ። ኤርሲዶ ዝናሽን አስተኝቶ በስፌት ጠመኔዬ ሰውነቷን ሁሉ በመስመር ከፋፈለው፣ እንደ ቦሎቄ ማሳ። ከዚያ በሜትሬ እያንዳንዱን ነጥብ ይለካል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ቁጥሩን ለማሽኑ ይነግረዋል። ከአፍንጫዋ እስከ ጉንጯ ይህን ያህል፣ ከጉንጯ እስከ ጆሮዋ ይህን ያህል። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝና ነገሩ ገባኝ፤ ልኬት ወስዶ ቅድ ማውጣት ማለት ነው፣ ልዩነቱ ጨርቅ የለውም።

ጨርቁ ግን አስቸገረው። ነጠላዋ በበሬው ላይ ስትወድቅ እንዴት እንደምትተጣጠፍ ማሽኑ አያውቅም።

«እትዬ አስካለ፣ ዛሬ ነጠላውን አንድ ሃምሳ ጊዜ ጣይልኝ» ይለኛል።

«አንተ ጴንጤ፣ እኔ ሥራ የለኝም?»

«ይኼ ሥራ አይደል እንዴ? ጌታ ይባርክሽ፣ ቀስ አድርገሽ ልቀቂው። መጀመሪያ የቱ ጫፍ እንደሚነካ ማየት አለብኝ።»

እጥለዋለሁ። ወንበሩ ላይ ቆሜ፣ በመስኮቱ የሚገባው የከሰዓት ፀሐይ ክሩን ዘልቆ እያበራው፣ ነጠላው ከእጄ ይለቅና በአየር ላይ ጥቂት የሚቆም ይመስላል። ከዚያ ይወርዳል። ኤርሲዶ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እጥፋቱን ይሥላል። ከውጭ የታክሲ ጥሩምባ፣ የበቆሎ ጠባሽዋ ጥሪ፣ ከታች የጋቪን ሳቅ ይሰማል። አሁን ሳስበው በዕድሜዬ ከኖርኩት ኑሮ ውስጥ ያን ያህል ሥራ ሳልሠራ የደከምኩበት፣ ያን ያህልም ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የተጣላነው በበሬው ነው። ኤርሲዶ መጀመሪያ ሲሠራው በሬው ሲገባ አሻንጉሊቶቹ ተቀምጠው አንገታቸውን ብቻ ያዞራሉ። አየሁና መቀሴን አስቀመጥኩ።

«ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጠው ነው የሚያዩት? ማን ያሳደጋቸው ናቸው?»

«እትዬ፣ አንዱን ማስነሣት የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ስድስት እኮ ናቸው!»

«ስድስቱም ይነሡ። ለሽማግሌ ብድግ የማይል አሻንጉሊት እኔ አልሰፋሁም።»

ከንፈሩን ቆነጠጠ፣ ቆነጠጠና ሳቀ። «አባቴም ቢያየው ይኼንኑ ነው የሚለኝ» አለ። ስድስቱንም አስነሣቸው፤ አንድ ወር ፈጀበት። ጋቪን መጥቶ ሲያይ ጆሮው ቀላ። «ለምንድን ነው ሁሉም የሚነሡት? ቃጠሎ ተነሥቶ ነው?» አለ። «ኖ ቦስ፣ ሪስፔክት ነው» አለው ኤርሲዶ። ጋቪን ደግሞ አየው፣ ሦስተኛም አየው። ከዚያ፣ ከከተማው ማዶ የፊልም ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወዳጆች እንዳሉት ነገረን። ፊልሙ ተጠናቅቆ ትምህርት ቤቱ ለዓመቱ ከመዝጋቱ በፊት ከደረሰ፣ እሱም ደብዳቤ ጽፎ ይመሰክርለታል፤ በነፃ ያስተምሩታል፣ የተማሪ ፔፐርም ያወጡለታል። ካልደረሰ ምዝገባው ያልፋል። ለኤርሲዶ ነገሩ እንዲህ ግልጽ ነበር፤ ካለቀ ተማሪ ነው፣ ካላለቀ ወደ ፍርግርጉ ጀርባ።

ዝናሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሣ ያየሁበትን ቀን ልናገር። ኤርሲዶ ጠርቶ ከኮምፒውተሩ መስታወት ፊት አስቀመጠኝ። ጨለማ ነበር፣ ከዚያ መደርደሪያው ታየ፣ ከዚያ እሷ። ቁልፍ ዓይኗ አንዱ ከአንዱ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ቸኩዬ የሰፋሁት ነው፣ ያንኑ ስሕተቴን ሳይቀር አስገብቶታል። አንድ እጇን መደርደሪያው ላይ አሳረፈች፣ ወገቧን ያዘች፣ ብድግ አለች። እንደ እኔ ነው የተነሣችው! ጉልበቷን እንደሚያማት፣ መጀመሪያ በግራ በኩል። ስንት ቀን ስነሣ ስቀመጥ አጥንቶኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እንባዬ መጣ። ልጅ አልወለድኩም ነበር ያን ጊዜ፣ እወልዳለሁም ብዬ አላሰብኩም፤ ከቁርጥራጭ የሰፋኋት ነገር ቆማ በትሕትና አንገቷን ስትሰብር ሳይ አገር የሰጡኝ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የማሽኑ ሥራ ነው። አምስት ሺህ ያህል ሥዕል አንድ በአንድ ቀለምና ጥላ አበጅቶ ማውጣት አለበት፤ አንዱ ሥዕል ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ያወጡትን እየላኩ በአንድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣሉ። ለሁለት ወር ያህል አልጠፉም። ክፍሉ ይግላል፣ አቧራው ይሸታል። ኤርሲዶ ሱቁ ውሎ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን ማሽኖቹ ላይ ማሳረፍ ነው፣ የታመመ ልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው። አንድ ጊዜ «አሁን እነዚህ የሚያደርጉት ሥራ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ከእኔም ከአንቺም በላይ የሚሠሩት እነሱ ናቸው» አለኝ። በእግዜር ስም፣ እንዲህ ነው ያለኝ።

በሃይማኖት ነገር እንተራረብ ነበር። «የእናንተ ወር ሠላሳውም ቀን በዓል ነው፤ መቼ ነው የምትሠሩት?» ይለኛል። «የእናንተ ደግሞ ሰባቱንም ቀን ጩኸት ነው፤ መቼ ነው የምትተኙት?» እለዋለሁ። ለፊልሙ እሱ በየማታው ይጸልያል። እኔ ግን ሳልነግረው ተስያለሁ። እመቤቴ፣ ይህን ልጅ ትምህርት ቤቱ እንድታስገቢልኝ፣ ኅዳር ሃያ አንድ በዕለትሽ በክፍሌ ውስጥ አንዳች ሥራ አይሠራም አልኳት።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። ፊልሙ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። በተከራየነው አዳራሽ ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ነጭ ቀሚሴን እንደለበስኩ፣ እኩለ ቀን ላይ ወደ ክፍሌ ወጣሁ። ስለቴን ልፈጽም ነው የመጣሁት። የስፌት መኪናዬን በጨርቅ ሸፈንኩ፣ መቀሶቼን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ተቀመጥኩ። ዝም ሲል ማጉረምረሙን ሰማሁት። ኤርሲዶ አሌክሳንድራ ነው፤ ማሽኖቹ ግን እየሠሩ ነው፣ በእኔ ክፍል፣ በእሷ ዕለት፣ ለእሱ ብዬ በተሳልኩት ስለት ላይ። በአገሬ በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም፣ አህያ አይጫንም። እንስሳ ካረፈ እነዚህ ደግሞ ምን በወጣቸው፣ ለሁለት ወር እንቅልፍ አላዩ! አዘንኩላቸውም፣ ፈራሁም። አንድ ቀን ቢያርፉ ነገ ይበረታሉ አልኩ። ተነሣሁና ሁለቱም የተሰኩበትን ሶኬት ነቀልኩ። ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ እንዴት ደስ ይል እንደነበር አልደብቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሰካኋቸው። አንደኛው ነቃ። ዲስኩ ያለበት ሁለተኛው ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፤ አይከፈትም። ሥዕል እየመዘገበ ሳለ መብራት የተነቀለበት ዲስክ እንደሚሞት ማን ነግሮኝ? የመጀመሪያዋ ደቂቃ በሌላ ዲስክ ላይ ተገልብጣ ነበር። በሬው ሲገባ፣ ሲነሡ፣ ነጠላው ሲወርድ ያለው ሁሉ ግን በዚያ በሚያንኳኳው ውስጥ ነው፤ ዳግመኛ ለማውጣት ጊዜ አልቀረም። ኤርሲዶ አራት ሰዓት ላይ መጣ። እንደ ልማዱ እጁን ማሽኑ ላይ አሳረፈ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ለጠላቴ አልመኝም።

«ምን ሆነ እትዬ?»

«መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ትናንት» አልኩ።

ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ ብል ውሸት ላይ ውሸት መጨመር ነው። ደረጃው ላይ እግሩን ከሰማሁ ጀምሮ ሳዘጋጀው ነበር። ስለትሽ ነው ያቃጠለኝ እንዳይለኝ ፈራሁ፤ በእሷ ስም እንዳይስቅ ፈራሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን እንዳይጠላኝ ፈራሁ። ዛሬ ቢሆን ማንም አይጠረጥረኝም ነበር፤ ይህ አገር አሁን መብራት በፕሮግራም የሚያጠፋ ሆኗል። ያኔ ግን በጆሃንስበርግ እኩለ ቀን መብራት ጠፋ ማለት ፀሐይ ሳትወጣ ቀረች እንደማለት ነው። ኤርሲዶ መስኮቱን አየ፣ ክፍሉን አየ፣ እኔን አየኝና ወደ ጋቪን ወረደ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ «አልሆነም እትዬ» አለኝ። የሽቦ መኪናውንና ሥዕሎቹን በፌስታል ከተተ፤ ዝናሽን ግን ስፌት መኪናዬ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጣት። «ወዴት ነው?» ስለው «ሱቁ ሰው ይፈልጋል» አለ። ወደዚያ ሕንፃ ሁለተኛ አልተመለሰም። ማሽኖቹን ማየት አስጠልቶት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

እዚያው አሌክሳንድራ ቀረ። ሱቁ የራሱ ሆነ፣ አገባ፣ ወለደ። እኔም ፔፐሬ አለቀ፣ ዘግይቼ አገባሁ፣ እግዜር በዚያ ዕድሜዬ አንዲት ልጅ ሰጠኝ። በሠርግና በለቅሶ እንገናኛለን። እንደተገናኘን ትከሻዬን ስሞ ጤናዬን ይጠይቃል፤ ስለ ፊልሙ ግን እሱም አያነሣ፣ እኔም አላነሣ። ስንት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ ውኃ ስጠኝ ብያለሁ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔው ግን እያደር ደፈረሰ፤ በዓመቱ ለመናገር አፍራለሁ፣ በአምስት ዓመቱ ለምን እስካሁን ይለኛል ብዬ አፍራለሁ፣ በአሥር ዓመቱ ማፈሩንም ለመድኩት።

እንግዲህ ያ የሂተር ሽታ ነው ያስነሣኝ። በማግስቱ ወደ ዱርንፎንቴን ወረድኩ፤ ሕንፃውን ላየው ብቻ ነው። በር በሩ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ሰፊዎቹ ክፍሎች በኮምፖርሳቶ ተከፋፍለው በየአንዱ ቤተሰብ ይኖራል፣ በቆሎ ጠባሽዋ የነበረችበት ማዕዘን ላይ የእኛ ልጆች የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። በሩ ላይ አንድ በከዘራ የተደገፈ ነጭ ሽማግሌ ቁልፍ ይዞ ቆሟል። ካልሲው እስከ ጉልበቱ ነው። ሕንፃውን ሊሸጥ ገዢ እየጠበቀ ነበር።

«የአሻንጉሊቶቹ ሴትዮ!» አለ ጋቪን። ጆሮው ቀላ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ከዚያ «ያ ጓደኛሽስ የት ደረሰ? ማሽኔን ለበዓል ብሎ ያጠፋው?» አለኝ።

«እሱ ነው ያጠፋው ማን አለህ?»

«እሱ ራሱ ነዋ። የዚያን ዕለት ታች ስሠራ ነው የዋልኩት፤ መብራት አልጠፋም። ላይ ያላችሁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። ማሽኔን የነካው ሰው ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይውጣ አልኩት። ቆም ብሎ አሰበና እኔ ነኝ አለ። ለምን ብለው በአገራችን ትልቅ የማርያም በዓል ነበር፣ በዚያ ቀን ምንም ነገር አይሠራም አለኝ። ያላገጠብኝ መሰለኝ። የጻፍኩለትን ደብዳቤ ፊቱ ቀደድኩት።» ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «በኋላ ጸጸተኝ። ጥሩ ዓይን ነበረው።»

አልተሰናበትኩትም፤ ይቅር ይበለኝ። ታክሲ ውስጥ የገባሁትን፣ አሌክሳንድራ የወረድኩትን አላስታውስም። አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኛል፤ በበዓሌ ሲያፌዝ የኖረ ጴንጤ፣ በእመቤቴ በዓል ስም ቆመ። ያን ቀን ሜዳ ላይ መውደቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ከነስፌት መኪናዬ፣ ከነቁራጭ ወረቀቴ።

ኤርሲዶ ፍርግርጉ ጀርባ ተቀምጦ የስልክ ካርድ ለአንዲት ልጅ ይሸጣል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ከእኛ ሰው ሳይነግር ከመጣ መርዶ ይዞ ነው።

«እትዬ! በሰላም ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ምኑን አላለኝም። የልጅቷን መልስ ቆጥሮ ሰጣት፣ እስክትሄድ ጠበቀ።

«አውቃለሁ።»

«ጋቪን ነገረኝ። አንተ ግን መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ደረጃውን ሳልወርድ። መስኮቱ ላይ ያለው፣ በመብራት የሚሠራው የሬዲዮሽ ሰዓት ልክ ነበር። መብራት ጠፍቶ ቢሆን ዜሮ ዜሮ እያለ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ነጭ ቀሚስሽም ወንበሩ ላይ ነበር፤ ምን ቀን እንደነበረ እሱ ነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልክ? ትምህርትህን… ኤርሲዶ፣ ዕድሜህን እኮ ነው!»

«ምን ልበለው? እኔ የምመለስበት ሱቅ ነበረኝ። አንቺ የት ትሄጂ ነበር?» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። ከንፈሩን ቆነጠጠ። «ማሽኑን፣ እትዬ፣ በማግስቱ ይቅር ብዬሻለሁ። ለእኔ ብለሽ ያደረግሽው ነገር እንደሆነ ልቤ ያውቅ ነበር። የከበደኝ ሌላ ነው። በሠርጌ መጣሽ፣ ዛሬ ትነግረኛለች አልኩ። ልጄ ሲወለድ መጣሽ፣ ዛሬ አልኩ። የእናቴን መርዶ የሰማሁ ጊዜ ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀመጥሽ፣ እንግዲህ ዛሬ ካልነገረችኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ መጠበቁንም ተውኩት።»

አንድ ሰው መጣ፣ «ሳውቦና ባባ» ብሎ በዙሉኛ ሰላምታ ሰጠና ዳቦ ጠየቀ። ኤርሲዶ ዞሮ ሰጠው። ሌላ መጣ፣ ዘይት። ሌላ፣ ሁለት እንቁላል። ወደ እኔ አያይም፣ ሂጂም አይለኝም። ሰዎቹ እየገፉኝ ያልፋሉ፤ እኔም ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ ፍርግርጉ ጥግ ቆምኩ። ልቀመጥ ብል መቀመጫ የለም፣ ቢኖርም አልቀመጥም ነበር። ስንት ሰው እንዳስተናገደ አልቆጠርኩም። በመጨረሻ አንድ የሥራ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ገንዘቡን በፍርግርጉ ሲያስገባ፣ ኤርሲዶ እጁን አነሣ።

«ቆይ ወንድሜ» አለው በዙሉኛ። «እሷ ትቅደም፤ ብዙ ቆይታለች።»

ከኪሱም ወደ ውስጥ የሚያስገባውን የብረት በር ቁልፍ አወጣ።